ትንሹ የመረጠው ጊታር

«ኧረ ለእሳቸው ወንበር ስጧቸው!» አለ ትልቁ አፉን ሞልቶ።

በር ላይ የቆሙት ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከቀብር መልስ ነው፤ ሳሎኑ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ወንበር ከጓዳ መጣ፣ ሽማግሌው ተቀመጡ፣ ትልቁም ዝም አለ። ድምፁ ግን ዝም አላለም። ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጊታር፣ ማንም ሳይነካው፣ «እምምም» አለ። አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ዓይነት፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ። ትንሽ ቆየና ቀስ እያለ ጠፋ።

ሰው ሁሉ ክው አለ። አክስቱ፣ የአባቱ እህት፣ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ላይ እንዳስጠጋች ደርቃ ቀረች። ልብስ ሰፊው ዙሪያቸውን አዩና «አይጥ ናት» አሉ። «እኔም ቤት አለች፤ አትሰማም፣ አትለማም።» እንኳን ሌላው እሳቸውም አላመኑት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም። ከመኝታ ቤት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከተኛችበት፣ የእናቱ ድምፅ መጣ።

«ትንሹ? መጣህ እንዴ ልጄ?»

ትንሹን፣ ወንድሙን፣ አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት አፈር አልብሰውት ነው የመጡት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ትልቁ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ አልተናገረም።

እናታቸው ሁለቱን ልጆቿን ትልቁ እና ትንሹ እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ትንሹ በኋላ ታላቁን በአንድ ራስ በልጦት፣ በር በገባ ቁጥር እያጎነበሰ እንኳን ስሙ አልተቀየረም። በመልክም አይገናኙም፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ መንጋጋው ሰፊ፣ አንዱ ፊቱ ሹል። ድምፃቸው ግን አንድ ነበር። ይመሳሰል ነበር አይደለም የምላችሁ፤ አንድ ነበር። እናታቸው ራሷ ስልክ ስታነሳ «የትኛው ነህ?» ሳትል ወሬ አትጀምርም። ትንሹ ፍቅረኛው ያኮረፈችው ጊዜ ራሱ ይደውልና «ታላቅ ወንድሙ ነኝ» ብሎ ራሱን ያማልዳል። «ያ ልጅ ያላንቺ አይሆንለትም፤ እህል እንኳ አልቀመሰም፤ እኔ ወንድሙ አይቼዋለሁ» ይላታል፣ አፉ ውስጥ ያለውን እየዋጠ። አንድ ቀን ሲያላምጥ ሰማችውና ሁለቱንም አንድ ላይ ረገመቻቸው።

በዚያ ድምፅ ሁለቱም ኖረውበታል። ትልቁ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያው ኋላ ተቀምጦ፣ የቱ መኪና መቼ እንደሚነሳ ያስታውቃል። ትንሹ ሆቴል ውስጥ ይዘፍን ነበር። «አንተ ሰው ታሳፍራለህ፣ እኔ ሰው አስቀራለሁ» ይለው ነበር ታላቁን። እውነቱን ነው፤ እሱ ሲዘፍን ሰው ሂሳብ ጠይቆ እንኳ ተመልሶ ይቀመጣል።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ማንቁርቱን አወጡት፤ አንገቱ ላይ በከፈቱለት ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ በእጁና በዓይኑ እያወራ ወደ ቤት ተመለሰ። ድምፁን ሰጥቶ ዕድሜ ገዛ ተባለ። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜውም ብዙ አልሄደም።

ለቅሶ ቤት መቼም ሹክሹክታ አያልቅበትምና የትልቁ ዝምታ መጀመሪያ አልታወቀም ነበር። ሲጠየቅ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ግድ ሲሆንበት በትንፋሹ ብቻ ያንሾካሹካል፤ ትንፋሽን ጊታሩ አይሰማውም። የቀረውን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ብርጭቆ ያጥባል፤ የታጠበውንም መልሶ ያጥባል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ወሬው ይፈላል።

«ወንድሙ ሞቶ አንዴ እንኳን አልጮኸም።»

«ተዪው፣ አንዳንድ ሰው ሆዱ ውስጥ ነው የሚያለቅሰው።»

«እኔን የሚገርመኝ...» አለች አክስቱ፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። «ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል አልሰማሽም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እዚህ ቤት አልሠራም፤ ትልቁ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ግን እሱን ያስጨነቀው ሐሜት አይደለም። አንድ ማለዳ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይመጣ፣ ጊታሩ ፊት ብቻውን ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ጊታሩ በቀስታ ጠረገለት። «አንተ ነህ?» አለው። ከጥያቄው ግማሽ እስትንፋስ ዘግይቶ፣ በዚያው ድምፅ፣ በወንድሙ ድምፅ፣ አንድ ነገር ከእንጨቱ ውስጥ ተነሣ። ቃል አልነበረውም። ትልቁ ወደ ኋላው ሲሸሽ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጀበና በክርኑ መትቶ ሰበረው፤ ያን ቀን ለምን እንደሰበረው ለጠየቀው ሁሉ ትከሻውን ሰብቆ አለፈ።

እናቱ ደግሞ እየባሰባት ሄደ። አትበላም። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ ትጥላለች። ትልቁ ሳህን ይዞ ሲገባ ዓይኗ አፉ ላይ ያርፋል።

«እማ፣ ትንሽ ቅመሺ» ይላል በሹክሹክታ።

«ምን አልክ?»

«ቅመሺ።»

«አልሰማህም» ትለውና ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

ጆሮዋ ጤነኛ ነበር፤ ጎረቤት በር ሲከፈት ማን እንደሆነ ትለያለች። ስለዚህ ትልቁ ነገሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው፤ ያ ድምፅ ልቧን ሰልቦታል፣ የሞተ ልጇን እየጠበቀች ነው፣ እንዲህ ከሰነበተች ደግሞ እሷንም ይቀብራታል። አንድ እናት ናት ያለችው። ሌላ ሰው የለውም።

አክስቱ ጓዳ ድረስ ተከትላው ገባች። «የኔ ልጅ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሬሳ በወጣበት ቤት ራሱን በራሱ የሚያንጎራጉር ዕቃ አይቀመጥም። አንዱን ወስዶ አልጠገበም፤ አሁን እሷን እየጠራ ነው። ድራመሩ ይውሰደው። አንድ መድረክ ላይ አብሮት የኖረ የትንሹ ጓደኛ ነው፤ ለባዳ አልሰጠኸው።»

ትልቁ እጁን አደራረቀ።

«ለሷ ስትል።»

«እሺ፣ እቴቴ» አለ በትንፋሹ። «ይውሰደው። እንዳትሰማ ብቻ።»

ድራመሩ ከሆቴሉ ባንድ ውስጥ ከትንሹ ኋላ ተቀምጦ ድራም ሲመታ የኖረ፣ እጁ እንጂ አፉ ብዙ የማይሠራ ሰው ነው። በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ መጣ። ጊታሩን ከማውረዱ በፊት በጣቱ አንጓ ደረቱን ቆርቆር አደረገውና ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «ወጥ እንጨት ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ጊታር ከየት አገኘ? ማን መረጠለት?»

ማን እንደመረጠማ ትልቁ አሳምሮ ያውቃል፤ አብሮት ነበር።

የትንሹ አንገት ቁስል ጠገግ ባለ ሰሞን ነው። ትንሹ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ የማስታወቂያ ክፍሏን መስኮት አንኳኳ፤ አንገቱ ላይ ስስ የአንገት ልብስ ጠምጥሟል። በጣቶቹ ክር መታ መታ አደረገ። ጊታር። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ወንድሙ ቀሰረ። አንተም ና።

«እኔ ምን ልሠራልህ? ጊታርን ከመጥረጊያ የምለየው በቀዳዳው ነው» አለው ትልቁ። ትንሹ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ሲዘፍን የሆቴሉን ጊታር ነበር የሚይዘው፤ የራሱ፣ ጥሩ የሚባል፣ ኖሮት አያውቅም።

ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሦስቱም ግድግዳ ጊታር ብቻ፣ ሽታው የደረቀ እንጨት። ባለሱቁ ትከሻው ላይ የአቧራ ጨርቅ ጣል ያደረገ፣ ደንበኛን ከእግር እስከ ራሱ የሚለካ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ አበባ የተሳለበት፣ ፊት የሚያሳይ ቀይ ጊታር አወረደላቸው። ትንሹ አንዴ ቆረቆረውና ራሱን ነቀነቀ። «ምን ጎደለው?» አለ ባለሱቁ ቆጣ ብሎ። ትንሹ የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍሩ አሳየው፤ ስስ ስስ እንጨቶች በሙጫ እንደ ብስኩት ተደራርበዋል። ሌላ አንስቶ አሳየው፤ የዚህኛው የእንጨቱ መስመር ከላይ ወርዶ ጠርዙ ውስጥ ሳይቋረጥ ይገባል። ባለሱቁ ጨርቁን ከትከሻው ላይ አንሥቶ እጁን ጠረገና ያለ አንዲት ቃል ከኋላ ክፍል ደህናዎቹን ያመጣ ጀመር።

ከዚያማ የትንሹ ምርጫ ሚስት ከመምረጥ ባሰ። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው፣ የጊታሩ አንገት መጣመም አለመጣመሙን ያያል። እያንዳንዱን ክር በየእርከኑ እየተጫነ፣ የሚሻክር ድምፅ እንዳለ ያዳምጣል። አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ደፍቶ ሊያሸት ሲል ደግሞ ትዝ ይለዋል፤ አሁን የሚተነፍሰው በአንገቱ ነው፣ ሽታ ብዙም አይመጣለትም። ቀና ብሎ ጊታሩን ለትልቁ ይሰጠዋል። ትልቁም ተቀብሎ ያሸታል፤ «ደህና ይሸታል፣ እንጨት እንጨት ነው የሚለው» ይላል። ባለሱቁ ይስቃል።

በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። ትንሹ ሦስቱንም እኩል ቃኝቶ ሦስት ወንበር ላይ ደርድሮ አስደገፋቸው። አንድም ዘፈን አልተጫወተባቸውም። ወደ ትልቁ ዞሮ ጣቱን አፉ ላይ አሳረፈ። ተናገር።

«ለማን?»

ለነሱ፣ አለ በእጁ።

«ምን ልበል?»

ትንሹ በጭብጡ ማይክ ይዞ አሳየው። ትልቁ አፈረ፤ ባለሱቁ እያየው ነው። ቢሆንም ለታመመ ወንድም የማይደረግ ነገር የለም፤ ደረቱን ነፍቶ፣ «የማለዳው መኪና ተሳፋሪዎች፣ እባካችሁ ትኬታችሁን በእጃችሁ ያዙ» አለ፣ ለጊታር። ባለሱቁ ፊቱን አዙሮ ሳል የያዘው መሰለ።

ትንሹ ጆሮውን የመጀመሪያው ጊታር ጎን ላይ ለጥፎ አዳመጠና ተወው። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየ፤ ያ ከሁሉም የሚያምረው፣ ባለሱቁም የሚያሞግሰው ነበር። እሱንም ተወ። ሦስተኛው ጌጥ የሌለው፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ ጊታር ነው። ትልቁ አረፍተ ነገሩን ገና ሳይጨርስ የትንሹ ዓይን ተከደነ። እንደገና፣ አለ በእጁ። ትልቁ ደገመ። እንደገና። ጉሮሮው እስኪደርቅ ድረስ ያን ሁሉ መኪና አሳፈረ። ቀና ሲል ወንድሙ ጊታሩን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎ፣ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ያኛው ይሻል ነበር» አለ ባለሱቁ። «ለሚጫወት ጣት ያኛው ነው።» ትንሹ ዞሮም አላየው። መያዣውን ባዶውን ለትልቁ አሸክሞ፣ ጊታሩን እንደታቀፈ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ትልቁ ያን ዕለት በልቡ ያለው ይህን ብቻ ነበር፤ ሙዚቀኛ መቼም ጣጣው ብዙ ነው።

አሁን ድራመሩ ጊታሩን ከሚስማሩ አላቀቀው። አክስቱ መያዣውን ከፍታ ቆማለች፤ ትልቁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

እናቱ ነበረች። ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ ወጥታ፣ መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

«የት ልትወስደው ነው?»

ድራመሩ መሬት መሬት አየ። አክስቱ ቀደመች፤ «ላንቺ ብለን ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ለኔ?» እናቱ ወደ ትልቁ ዞረች። «አንተም አለህበት?»

«እማ...» አለ በትንፋሹ። «ይሻልሻል። ካልሄደ አንቺ...»

«በድምፅ ተናገር!»

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ውሃውን ዘጉት።

«አፍህን ምን ነካው? አንዱ ልጄን ድምፁን በሽታ ወሰደበት። ያንተን ማን ወሰደብኝ? ስትገባ ትንፋሽ፣ ስትወጣ ትንፋሽ! በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ቀበርኩ እንዴ?»

ትልቁ ውስጡ የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ታዲያ እንዴት ብዬ ልናገር!» ብሎ ጮኸ። «ስናገር ‹ትንሹ መጣህ?› ስትዪ በጆሮዬ ሰማሁሽ! እንደሞተ ጠፍቶሽ ነው ብዬ... አብደሽብኛል ብዬ...»

ድራመሩ እጅ ላይ ያለው ጊታር አብሮ ጮኸ። ድራመሩ መዳፉ ውስጥ ሲነዝረው ደንግጦ ሊጥለው ምንም አልቀረው፤ አክስቱ «በስመ አብ!» ብላ ሁለት እርምጃ ሸሸች።

እናቱ አልደነገጠችም። ፊቷ ላይ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ደም የመሰለ ነገር መጣ።

«እንደሞተማ አውቃለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ዓይኑን የከደንኩት በዚህ እጄ ነው። ለመሆኑ አንተ፣ በዚህ ጊታር ሲጫወት አይተኸው ታውቃለህ?»

ትልቁ አሰበ። አንድም ቀን አላየውም። ሁልጊዜ ታቅፎት ነበር። እጁ ዝሎ ነው፣ መጫወት አቅቶት ነው ብሎ ለራሱ ነግሮ፣ እንዳያፍርበት አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር።

«ሊጫወትበት መቼ ገዛው?» አለች። «ማታ አንተ ከሥራ የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ ከግድግዳው አውርዱልኝ ይላል በእጁ። ደረቱ ላይ ይለጥፈውና ይጠብቅሃል። አንተ ገና በሩን ሳታልፍ፣ መቼም ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረብህ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ተሳፋሪው መለፍለፍ ትጀምራለህ። ጊታሩ ይነዝራል። እሱ ዓይኑን ይጨፍንና እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ‹እዚህ› ይለኛል። ድምፁ እዚህ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ይታወቀዋል። እኔም ‹ትንሹ፣ መጣህ እንዴ ልጄ?› እለዋለሁ። ይስቃል። ያለ ድምፅ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።» አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ቆየች። «ያን ዕለት ስትናገር ሰማሁና... አፌ ለምዶት ነው ያልኩት። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነው። እህል ያስጠላኝ አንተ ዝም ብትለኝ ነው።»

ትልቁ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ሰዓት በሱቁ ውስጥ ወንድሙ ጊታር የሚመርጥ መስሎት ነበር። የፈለገው እሱን ነበር፤ የታላቁን ድምፅ የሚያደርስለት እንጨት ነበር። ከቀብር ወዲህ ከዚያ ግድግዳ ላይ ሲጠራው የነበረ፣ እሱም እየሸሸ አፉን የዘጋበት፣ የራሱ ድምፅ ነበር። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሰው ሲጠብቀው የነበረው ልቅሶ ይሄ ነበር፤ ጮክ ያለ፣ የሚያሳፍር፣ ጊታሩም ከላይ እየተቀበለው።

ድራመሩ ማንንም ሳይጠይቅ እናቲቱን ደግፎ ወለሉ ላይ ወደተነጠፈው ፍራሽ ወሰዳት፤ ጊታሩን አስታቀፋት፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። አክስቱ ባዶውን መያዣ ዘግታ ጓዳ ገባች፤ ወዲያው «ለሷ የሚበላ ነገር የለም እንዴ እዚህ ቤት!» ስትል ተሰማች፣ ሌላ ሰው ጥፋተኛ ይመስል።

«በል አውራኝ» አለች እናቱ።

«ምን ላውራሽ?»

«የሆነውን። ያላየሁትን ሁሉ።»

ትልቁ አፍንጫውን ጠርጎ፣ ከፍራሹ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። የጓዳው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብና ጎማው መቀየር እንዳለበት ነገራት። ጀበናዋን እንደሰበረ አመነ። ልብስ ሰፊው በየቀኑ እየመጡ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው፣ ትናንት ሲነቁ ደንግጠው፣ ሊጠሯቸው የመጡትን የራሳቸውን ቤት ሰዎች «እግዜር ያጥናችሁ» እንዳሉ ነገራት። እናቱ አገጯን ጊታሩ ትከሻ ላይ አሳርፋ ትሰማለች፤ ከደረቷ ላይ፣ ከትልቁ ንግግር ሥር ሥር፣ ያ ሌላው ድምፅ ግማሽ እስትንፋስ ዘግይቶ ይከተላል። መካከል ላይ እንባው ቀደመውና ንግግሩ ተቋረጠ። ጊታሩ ጥቂት ብቻውን ቀጠለና እሱም ጸጥ አለ።

እናቱ ቀጥል አላለችውም። እግሯ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳበችና፣ ጠርዙን እያጠፈች እያስተካከለች፣ ጊታሩን እስከ አንገቱ ድረስ አለበሰችው።